ሻንጣና ዶማ

የጓሮ ወግ

በረዶ ስንዝቅና የመኪና መስተዋት ስንፍቅ ከርመን እነሆ ማርች ላይ ደረስን። ሰዓቱም ወደፊት ተገፍቶ ከሥራ ስንወጣ ፀሐይዋን ደጅ ላይ ማግኘት ጀምረናል። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ወጋችን ከፖለቲካው ገለል ብሎ ጓሮ ይገባል። «ሁለት ሥራ እየሠራሁ ደግሞ የምን ጓሮ ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝና ከዚያ ትፈርዱኛላችሁ።

በስደት ላይ ሁለት ዓይነት ቤት አለ። አንደኛው ሻንጣ ያለበት ቤት ነው። ባለቤቱ ከአገሩ ከወጣ ሃያም ሠላሳም ዓመት ይሁነው፣ ልቡ ግን አሁንም አውሮፕላን ማረፊያ ቆሟል። «ዛሬ ነገ አገሬ መግባቴ አይቀርም» ስለሚል ግድግዳው ላይ ሥዕል አይሰቅልም፣ ደህና ምንጣፍ አይገዛም፣ ጓሮው ውስጥማ አንዲት ዘር መሬት አያስነካም። ሁለተኛው ዶማ ያለበት ቤት ነው። የዚህኛውም ባለቤት አገሩን አልረሳም፤ ሻንጣም አለው። ነገር ግን ሻንጣው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ እሱ ጎመኑን ይኮተኩታል።

በመጀመሪያው ሰው ማንም ሊስቅበት አይገባም። ለእሱ መትከል ማለት «እንግዲህ እዚሁ ቀረሁ» ብሎ መፈረም ነው፤ እጁ ዶማ አልነሣም የሚለው ለዚህ ነው። እስቲ ግን ነገሩን በእርጋታ እንመልከተው። ፌጦ ከተዘራ በሦስት ሳምንት ቅጠሉ ይበላል። ጎመን በሁለት ወር ገደማ ይቀነጠባል። አሁን የተዘራ አተር ጁን ላይ እሸት ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም ዜግነት ቀይር፣ የሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ ፈርም አይሉም። አገር ቤትስ ቢሆን ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በፊት ስንቱ ገበሬ ነበር የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ልጆቹን ያሳደገው? «መሬቱ የእኔ አይደለም» ብሎ ዝናብ ሲያልፈው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ግን አልነበረም። ዘር የሚጠይቀን የባለቤትነት ወረቀት ሳይሆን በጊዜው መገኘትን ነው። የዛሬው ወጌ ጠቅላላ ነገሩ ይኸው ነው፦ የቆምንበት መሬት የራሱ ሰዓት አለውና በሰዓቱ እንድረስለት።

ደግሞስ ከጓሮ አትክልት መካከል ስደተኛ ያልሆነ ማን አለ? ያለ እሱ ወጥ አይሠራም የምንለው በርበሬና ቃሪያ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ በ1492 ባሕሩን ካቋረጠ በኋላ ነው ዓለምን ዞሮ እኛ ዘንድ የደረሰው። ቲማቲምም እንዲሁ። ድንችን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኢትዮጵያ ያስገባው እዚያው አገራችን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። የሐበሻ ጎመን፣ ጎመንዘር የምንለው፣ ግን የእኛው አገር ተወላጅ ነው። እዚህ በየገበያው የምናገኘውና በየምግብ ቤታችን ጎመን ሆኖ የሚቀርበው ኮላርድ ዘመዱ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። እንግዲህ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ጓሮ ቃሪያና ጎመንዘር ጎን ለጎን ቢተከሉ፣ ቃሪያው አህጉሩ የተመለሰ፣ ጎመኑ ስደተኛ መሆኑ ነው። ሁለቱም ግን ተስማምተው አንድ ድስት ይገባሉ።

የመሬቱ ሰዓት

ፀደይ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መስከረምና አደይ አበባ ነው። በአባቶች አቆጣጠር ግን የመስከረሙ ማለቂያ የሚያስገባው ወቅት መፀው ይባላል። ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ጊዜ ነው። መጋቢት 26 ደግሞ ኤፕሪል 4 ላይ ይውላል። ልክ ዋሽንግተንና አካባቢው ላይ አፈሩ መሞቅ የሚጀምርበት ሰሞን ማለት ነው። አገራችን ያለው ፀደይና የፈረንጁ ፀደይ ሳይተዋወቁ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

የሚለያዩበት ነገር ግን ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ዋሽንግተን ላይ በዲሴምበር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው ብርሃን በጁን ወደ አሥራ አምስት ሰዓት ይጠጋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውርጩ ነው። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ይሞቅና ሰው ሁሉ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ይወጣል፤ በአራተኛው ሌሊት ውርጭ ወርዶ ያገኘውን ጨረታ ቅጠል ሁሉ አጥቁሮ ያድራል። በከተማው መሐል የመጨረሻው ውርጭ ብዙ ጊዜ ከኤፕሪል አጋማሽ አያልፍም። ወጣ ባሉት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ መንደሮች ግን እስከ ሜይ መጀመሪያ ሊዘገይ ይችላል። ሚኒያፖሊስ ያላችሁ እስከ ሜይ አጋማሽ መታገሥ አለባችሁ። በገልፍ አገሮች ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ደግሞ ነገሩ ይገለበጥባችኋል፤ የእናንተ የመትከያ ወቅት የሚከፈተው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው፣ ሜይ ሲገባ ሙቀቱ ይዘጋዋል።

ስለዚህ በያላችሁበት ከተማ የመጨረሻው ውርጭ መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁሉም ነገር የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ወደ ኋላና ወደ ፊት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ላለን ሰዎች ቀኖቹን በራሳችን በዓላት መያዝ ይቻላል፦ ብርድ የሚችለው ሁሉ ከአሁን ጀምሮ እስከ መጋቢት መድኃኔ ዓለም፣ ማለትም እስከ ኤፕሪል 5 ድረስ ይዘራል። ብርድ የማይወደው ግንቦት ልደታን፣ ማለትም ሜይ 9ን ይጠብቃል። ፍልሰታ ሲገባ፣ ኦገስት 7 ላይ፣ የበልጉ ጎመን እንደገና ይዘራል። ጥቅምት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነጭ ሽንኩርት ይተከላል። ይህን የያዘ ሰው ሌላ መጽሐፍ ባይገዛም ዓመቱን ይዘልቃል።

መጀመሪያ አፈሩ

ከሱቅ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ጓሮው መሐል ቆማችሁ ፀሐይዋን እዩ። ጎመንና ሰላጣ በቀን አራት አምስት ሰዓት ፀሐይ ካገኙ ይበቃቸዋል። ቃሪያና ቲማቲም ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈልጋሉ። አሁን ዛፉ ቅጠል ስለሌለው ሁሉም ቦታ ብሩህ ይመስላል፤ ሜይ ላይ ያ ዛፍ ጥላውን የት እንደሚጥል አስቡ።

ቀጥሎ አፈሩን ዳስሱ። ሰሜን ቨርጂኒያና ብዙው የሜሪላንድ ክፍል ቀይ ሸክላ አፈር ነው፤ ከእኛ የዋልካ መሬት ጋር ጠባዩ ይመሳሰላል። ሲርስ ጭቃ፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረና በጣት ስትነኩት የማይፈረፈር ከሆነ መሬቱ ገና ነውና ዶማችሁን መልሱ። እርጥብ ሸክላ ከተቆፈረ እየተጠፈጠፈ ይደርቅና የዓመቱን ሥራ ያበላሻል። ቢፈረፈር ግን ጊዜው ደርሷል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለጓሮም ይሠራል።

መነሻችሁ ትንሽ ይሁን። አራት ጫማ በስምንት ጫማ የሆነ አንድ መደብ ለመጀመሪያ ዓመት በቂ ነው። አራት ጫማ የተባለበት ምክንያት አለው፤ ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሐሉ ላይ ይደርስና አፈሩን ሳትረግጡ ትሠራላችሁ። በዚህ መደብ ላይ ሁለት ኢንች ያህል ኮምፖስት አልብሱ፤ ባለ አንድ ኪዩቢክ ጫማው ከረጢት አምስት ስድስት ያህል ይወስዳል። ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ጋር ቀላቅሉት። ይህን በየዓመቱ ብታደርጉ በሦስተኛው ዓመት ሸክላው አፈር ይሆናል። የጀበናው አተላ፣ የእንቁላሉ ቅርፊት፣ የጎመኑ ግንድ፣ የድንቹ ልጣጭ ሁሉ ኮምፖስት ነው። ሥጋና ቅቤ የነካው ነገር ግን አይጨመር፤ አይጥ ይጠራል።

ቅጠልም አትጣሉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኅዳር 12 ቀን ከተማው በጭስ ሲታጠን ያስታውሳል፤ በ1918 ሕዝቡን ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የቆየ ልማድ ነው። እዚህ ኅዳር የቅጠል መርገፊያ ወር ነው። የረገፈውን ሳታቃጥሉ ጥግ ላይ ብትከምሩት ጊዜ ይውሰድ እንጂ ለም አፈር ይሆናል። ካለፈው ኅዳር የተረፈ ቅጠል ጓሮአችሁ ካለ አሁን በችግኙ ዙሪያ ለመጎዝጎዝ ይጠቅማችኋል፤ እርጥበት ይይዛል፣ አረምም ያፍናል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ቤታችሁ አሮጌ ከሆነ ከግድግዳው ሥር አትትከሉ። አሜሪካ ውስጥ ሊድ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ቤት ቀለሙ እየተላጠ ሲረግፍ ሊዱ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ለሕፃናት አእምሮ ደግሞ ጠንቅ ነው። አፈሩን ማስመርመር ብዙ ወጪ የለውም። በየካውንቲው ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ የእርሻ ኤክስቴንሽን ቢሮ አለ፤ በ1914 በወጣ ሕግ የተመሠረተ አሠራር ነው። ናሙናው እንዴት እንደሚወሰድና ወዴት እንደሚላክ ይነግሯችኋል። ማስተር ጋርድነር የሚባሉት በጎ ፈቃደኞችም ጥያቄ ያለ ክፍያ ይመልሳሉ። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል ብላችሁ አትፈሩ፤ የታመመ ቅጠል ይዞ የሄደ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልገውም። አፈሩ አጠራጣሪ ከሆነ ከፍ ያለ የእንጨት ሳጥን ሠርቶ ከውጭ በመጣ ንጹሕ አፈር መሙላት ነው።

አሁን የሚዘራና የሚቆይ

ዛሬ ነገ ሳትሉ መሬት ውስጥ ልታገቧቸው የምትችሉት እነዚህ ናቸው፦ አተር፣ ባቄላ፣ ፌጦ፣ ድንብላል፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ድንችና ጎመን። ሁሉም ቀለል ያለ ውርጭ ይችላሉ፤ ድንቹም ቅጠሉ ቢመታ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ባቄላና አተር በተለይ መቸኮል ይወዳሉ። የዚህ አገር የጁን ሙቀት ሲመጣ የባቄላው አበባ ይረግፋልና ከሙቀቱ በፊት ፍሬ መያዝ አለበት። እሸት ባቄላ ከነቅርፊቱ ለልጆቻችሁ ስታቀምሱ የሚሰማችሁን እኔ አልነግራችሁም።

ድንችን ከምግብ ገበያ ገዝታችሁ አትትከሉ፤ ብዙ ጊዜ እንዳያቆጠቁጥ የተረጨ ነው። የዘር ድንች ከአትክልት መደብር ይገኛል። ትልቁን በያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ዓይን እየተዋችሁ ቁረጡት፣ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት፣ ከዚያ አንድ ጋት ያህል አፈር ውስጥ ቅበሩት። እያደገ ሲሄድ አፈር እየሳባችሁ አልብሱት። ዓምና ቲማቲም ወይም ቃሪያ በነበረበት ቦታ ግን ድንች አይተከልም፤ ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በሽታቸውም አንድ ነው።

ጎመንን በሁለት ዙር ያዙት። የመጀመሪያው ዙር አሁን ይዘራና ሜይና ጁን ላይ ይበላል። ለዘንድሮው ዐቢይ ጾም ባይደርስም ለሰኔ ጾም ይደርሳል። ጁላይ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉ ይመርራል፣ ጎመንዘር ከሆነም ወደ አበባ ይሮጣል። አታልቅሱለት፤ ሁለተኛውን ዙር በፍልሰታ ዝሩ። ያ የሁለተኛው ጎመን ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል፤ ብርዱ ስኳሩን ያወጣዋልና።

ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ ዱባና ዝኩኒ ከዚህ ቡድን አይደሉም። እነዚህ ሙቀት የሚወዱ ናቸው። ማርች ላይ የቃሪያ ዘር ቤት ውስጥ በትናንሽ ዕቃ ይዘራል፤ እንዲበቅል ሙቀት ይፈልጋልና ማቀዝቀዣው አናት ላይ ወይም ሌላ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ብቅ ሲል ግን ወዲያው ብርሃን ካላገኘ እንደ ክር ይቀጥናል። ሜይ ሲደርስ ችግኙን በአንድ ጊዜ ውጭ አታሳድሩት። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ሰዓት እያስወጣችሁ ነፋሱንና ፀሐዩን አለማምዱት። እኛስ ከሞቀ አገር መጥተን የመጀመሪያውን ዊንተር እንዴት እንዳለፍነው የምናውቅ ሰዎች አይደለን? ሌሊቱ ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች መውረድ ሲያቆም ግንቦት ልደታ ደረሰ ማለት ነውና ያኔ ትከሉት። በመደብሩ በር ላይ ኤፕሪል መጀመሪያ የሚደረደረው የቲማቲም ችግኝ አያታልላችሁ፤ ነጋዴው ውርጭ ሲመታባችሁ ሁለተኛ ይሸጥላችኋል።

ስለ ቅመሙ ደግሞ ባጭሩ። ጤና አዳም ክረምቱን ውጭ አድሮ የሚተርፍ ተክል ነው። አሁን ከሥሩ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር የደረቀውን ቅርንጫፍ ቁረጡለት። ነገር ግን በጠራራ ፀሐይ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ወተቱ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ያቆስላልም። ጦስኝም ብርድ ይችላል። የጥብስ ቅጠል ከነፋስ በተከለለ ቦታ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ኮሰረትና ጠጅ ሣር ግን የሙቅ አገር ልጆች ናቸውና በማሰሮ ተተክለው በኅዳር ቤት ይገባሉ፣ በግንቦት ይወጣሉ።

ከጎረቤት ሁሉ የምትፈሯቸው ጥንቸልና አጋዘን ይሁኑ። ለጥንቸሉ ሁለት ጫማ ከፍታ ያለው የዶሮ ሽቦ ይበቃል፤ ከታች ጥቂት ኢንች መቀበር አለበት። አጋዘን ግን ሰባት ስምንት ጫማ አጥር ካልገጠመው ይዘላል፤ አጋዘን በሚበዛበት ሰፈር ያላችሁ አጥሩን ከዘሩ አስቀድሙ።

ዘር ነገር

አሁን ወደ ጨዋታው ዋና ቦታ ልምጣ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረች ዘር አትጠፋም። ፍቅሩ ይገባኛል፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። ወደ አሜሪካ የሚገባ የሚዘራ ዘር ከላኪው አገር የጤና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ለጥቂት እሽግ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ የሚወጣበት መንገድ አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የያዙትን ሁሉ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ደብቆ የተገኘ ይቀጣል። ሕጉ ለክፋት የወጣ አይደለም፤ በአንዲት ቋጠሮ የሚገባ በሽታ ስንት ማሳ ያጠፋል።

በደንቡ የገባም ቢሆን የአገር ቤት ዘር ሁሉ እዚህ አይሆንም። ቀይ ሽንኩርትን እንውሰድ። ሽንኩርት ሥሩን የሚያከብደው የቀኑን ርዝመት እየቆጠረ ነው። የእኛ አገር ሽንኩርት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ቀን የተሠራ ስለሆነ፣ እዚህ በፀደይ ከተተከለ ገና ቅጠሉ ሳያድግ ቀኑ ይረዝምበትና እንደ ጣት ጫፍ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ የገበሬውም የዘሩም አይደለም፤ ሰዓቱ አልገጠመም። ዋሽንግተን አካባቢ መካከለኛ ቀን የሚባለውን ዓይነት ሽንኩርት ግዙና ትከሉ። ጎመንዘር፣ ፌጦ፣ ቃሪያና ድንብላል ግን ጊዜያቸውን ካወቅንላቸው እዚህም ይሰምራሉ።

ዘሩ አርጅቶ እንደሆነ ለማወቅ ዐሥር ፍሬ በእርጥብ የወረቀት ፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩት። ፌጦና ጎመን በጥቂት ቀን፣ ቃሪያ በሁለት ሳምንት ገደማ ይበቅላል። ከዐሥሩ ስምንቱ ከበቀለ ጥሩ ነው፤ ሦስት ብቻ ከበቀለ ሌላ ፈልጉ።

ያገኛችሁትን ጥሩ ዘር ደግሞ አትጨርሱት። ሁለት ሦስት ያማረ ጎመንዘር ሳትቀነጥቡ ተዉት፤ ያብብ፣ ያፍራ፣ ቆቡ ሲደርቅ ልቀሙት። አበባው በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩ ከእናቱ ብዙም አይርቅም። በወረቀት ፖስታ ዓመቱንና ቦታውን ጽፋችሁ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ዘር የሰበሰበው፣ አገራችን ከዓለም የእህል ምንጮች አንዷ መሆኗን ስላመነ ነበር። በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ዘር ማእከል ተቋቋመ። ማእከሉን ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘርን ከገበሬው ማሳ ሳያርቁ በመጠበቅ ሥራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። የእሳቸው ትምህርት አጭር ነበር፦ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ እየተዘራ ነው የሚጠበቀው። ቋንቋም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ካልተነገረበት መዝገበ ቃላት ብቻውን አያድነውም።

እማማን ከሶፋው አስነሡ

ይህን ሁሉ የምለው ለጎመኑ ብቻ ብዬ አይደለም። በየቤታችን ልጆቻቸው ያስመጧቸው እናቶችና አባቶች አሉ። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ እነሱ ሶፋ ላይ የቀሩ። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋው አይገባቸውም፣ ልጅና ምራት በሌሊት ወጥተው በሌሊት ይገባሉ። ከኖቬምበር እስከ ማርች መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው በረዶ ሲወርድ ያያሉ። ሲጠየቁ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምን ጎደለብኝ» ይላሉ። ምን እንደጎደላቸው ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። አገራቸው ሳሉ ሰው የሚጠይቃቸው፣ የሚያማክራቸው ሰዎች ነበሩ። እዚህ ሁሉን ነገር ልጃቸውን ይጠይቃሉ፤ የማይክሮዌቩን ቁልፍ ሳይቀር።

ጓሮው ይህን ነገር ይገለብጠዋል። ብዙዎቹ ጎመን ሲኮተኩቱ፣ ዱባ ሲያሳድጉ የኖሩ ናቸው። የዘር ፓኬቱን ለልጅ ልጃቸው ስጡትና ተመልከቱ። ልጁ በእንግሊዝኛ ያነብባል፦ «እማማ፣ አሥራ ስምንት ኢንች ራቅ ይበል ይላል።» እሳቸው ኢንች የሚባል ነገር አያውቁም። «ስንት ነው እሱ?» ይላሉ። ልጁ ማስመሪያ ያመጣል። እማማ ክንዳቸውን መሬት ላይ ያጋድማሉ፤ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ያለው ልክ ይመጣል። «አንድ ክንድ በለኝ እንጂ ታዲያ!» ከዚያ ስድስት ኢንቹ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ ሦስት ኢንቹ ጋት ይሆናል። ልጁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ክንድ፣ ስንዝር፣ ጋት፣ ፍግ፣ ቡቃያ፣ እሸት የሚሉ ቃላት ይዞ ይገባል፤ ቅዳሜ ጠዋት በሚሄድበት የአማርኛ ክፍል ስድስቱን ለመያዝ አንድ ወር ይፈጅበት ነበር።

ትልልቆቹ በእርጥብ መሬት እንዳይንበረከኩ አነስተኛ በርጩማ አውጡላቸው፤ መደቡ ከፍ ያለ ቢሆን ወገባቸውን ያተርፍላቸዋል። ዶማው ቀላል ይሁን። ሥራውን ግን አትቀሟቸው። «እረፊ እማዬ፣ እኔ እሠራዋለሁ» ማለት ፍቅር ቢመስልም መልሶ ሶፋው ላይ ማስቀመጥ ነው።

ጓሮ ለሌላችሁም መንገድ አለ። አፓርትመንት ያላችሁ በረንዳችሁ ፀሐይ ካገኘ ባለ አምስት ጋሎን ባልዲ ከሥሩ ብሱና አንድ ቃሪያ ትከሉበት፤ በሶብላና ጤና አዳም በማሰሮ ይኖራሉ። በብዙ ካውንቲ የማኅበረሰብ የአትክልት ቦታ በአነስተኛ ዓመታዊ ክፍያ ይሰጣል። ሎንዶን ያላችሁ አሎትመንት፣ ጀርመን ያላችሁ ክላይንጋርተን የምትሉት መሆኑ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ግን ዛሬውኑ ተመዝገቡ፤ ለከርሞም ቢደርስ ትርፍ ነው። ጓሮ እያለው ጊዜ የሌለው፣ ጊዜ እያለው ጓሮ የሌለው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በየዕድሩም ተሰብስበው ይገኛሉ። ሁለቱ ቢነጋገሩ ጎመኑን እኩል ይካፈላሉ፤ የእኩል እርሻ ልማዳችን ነው፣ በዚህኛው ግን ተበዳይ የለበትም።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት ሥራችሁ አራት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ የከተማችሁን የመጨረሻ ውርጭ ቀን ጠይቃችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ። ሁለተኛ፣ አፈሩን ጨብጣችሁ ፈትሹ። ሦስተኛ፣ የቃሪያውን ዘር ቤት ውስጥ ዝሩ፤ ብዙም ጊዜ አልቀረውም። አራተኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለእማማ ወይም ለአባባ ኮታቸውን አልብሳችሁ ደጅ አውጧቸውና «እዚህ ቦታ ምን ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ አተሩን አብራችሁ ዝሩ።

አገር የመግባቱ ነገር በጊዜው ይሆናል፤ ያኔ የሚጣፍጠውን ጎመን ለጎረቤት ትታችሁ፣ ዘሩን በወረቀት ቀን ጽፋችሁለት ትሄዳላችሁ። እስከዚያው ጎመን በጤና።

ለሚቀጥለው ሳምንት በሰላም ያገናኘን።